ባለ 13 ሺህ ዶላሩ ሌንስ ስሜን ላይ ምን ይገዛል?

ሊነጋጋ ሲል በስሜን ተራሮች ፓርክ ጨነቅ ካምፕ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ባለሙያ ፎቶ አንሺ ባደረበት ማለዳ ገደሉ አፋፍ ላይ የሚታየው ነገር ይታወቃል፤ ትራይፖድ ላይ የተሰካ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የፊት መስታወቱ ብቻ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ሌንስ። ካሜራው ከኋላው የተለጠፈ ትንሽ ሳጥን ነው። ትራይፖዱ እንኳ የሚታሰረው ከሌንሱ አንገት ጋር እንጂ ከካሜራው ጋር አይደለም፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ነውና። አጠገቡ ጠመንጃውን ያነገተ የፓርኩ ስካውት ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ዋልያዎቹ የትኛው እርከን ላይ እንዳደሩ፣ ፀሐይ ስትወጣ በየትኛው ጥግ ወደ ሣሩ እንደሚመጡ የሚያውቀው እሱ ነው። በጣቱ ያሳያል፤ ሌንሱም ጣቱን ተከትሎ ይዞራል።

የዚያ ሌንስ ዋጋ አይቀመስም። ካኖን ባለ 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንሱን እ.ኤ.አ. በ2021 ለአዲሶቹ ካሜራዎቹ ሲያወጣ የተመነው 12,999 ዶላር ነበር። ሶኒ ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያወጣው ተመሳሳይ ሌንስም የተተመነው በዚያው 12,999 ዶላር ነው። ኒኮን በ2022 ያወጣው፣ ቴሌኮንቨርተር የሚባለው ማጉያ በውስጡ የተገጠመለት 600 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ15 ሺህ ዶላር ያልፋል። ይህ የአሜሪካ ገበያ ዋጋ ነው፤ ወደ ብር ሲመነዘር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 13 ሺህ ዶላር ማለት 740 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዶላሩን በ130 ብር ብናሰላው ሌንሱ 1 ሚሊዮን 690 ሺህ ብር ይሆናል። ጉምሩክ ላይ የሚጨመረው ቀረጥና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልገባበትም። አዲስ አበባ ውስጥ በሠርግና በማስታወቂያ ቀረጻ ደህና የሚሠራ ባለሙያ እንኳ ይህን ያህል ገንዘብ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ በሚሠራ ዕቃ ላይ ለማዋል እጁ ያጥረዋል። ደባርቅ ውስጥ በአስጎብኚነት ለሚተዳደር፣ ፎቶ ማንሳት ለሚወድ ወጣትማ የሚታሰብ አይደለም።

ከዚህ ዋጋ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ እምነት አለ። የስሜንን አውሬ በወጉ ማንሳት የሚችለው እንዲህ ያለ ሌንስ ያለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሌንስ ያለው ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ነው፤ ስለዚህ የአገሬው ድርሻ መንገድ ማሳየትና በቅሎ መጫን ነው የሚል። ይህን እምነት መቀበል አይገባም። ሌንሱ ለተጠየቀበት ገንዘብ የሚገባውን ሥራ ይሠራል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚገዛው ብርሃን ነው። በዚህ ተራራ ላይ ለፎቶ ከብርሃን ይልቅ የሚያስፈልገው ቅርበት ነው፤ ቅርበቱን የሚሰጠው ደግሞ ተራራው ራሱ ነው። ለዚያ ቅርበት የተከፈለው ዋጋ በየትኛውም ሱቅ ደረሰኝ ላይ አልሰፈረም፤ የከፈሉትም የሌንሱ ባለቤቶች አይደሉም።

ነገሩን ለመረዳት ሌንሱ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ማየት ይበቃል። 600 ሚሊ ሜትር የሚለው የትኩረት ርዝመቱ ነው፤ ምስሉን ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያመጣ ይናገራል። 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር ባለበት ካሜራ ላይ ሲገጠም 30 ሜትር ላይ ያለን ነገር በ1.8 ሜትር ስፋት ብቻ ከልሎ ያሳያል። ኤፍ 4 የሚለው ደግሞ የትኩረት ርዝመቱ ለብርሃን መግቢያው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። 600 ለ4 ሲካፈል 150 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የፊት መስታወቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፣ አምራቹ ላጥብበው ቢል እንኳ አይችልም። ያው 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 6.3 ቢሆን 95 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፤ ኤፍ 11 ቢሆን 55 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሦስቱም እኩል ያቀርባሉ። ሰፊ አፍ ያለው ጋን ደጅ ቢያድር ከጠባብ አፉ እንስራ የበለጠ የዝናብ ውሃ እንደሚያጠራቅም ሁሉ፣ ኤፍ 4ቱ ከኤፍ 6.3ቱ ሁለት እጥፍ ተኩል፣ ከኤፍ 11ዱ ሰባት እጥፍ ተኩል ብርሃን ይሰበስባል። አሁን ዋጋቸውን እናስተያይ። ካኖን በ2020 ያወጣው 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 11 ሲወጣ 699 ዶላር ነበር። ዋልያን የሚያቀርበው ልክ እንደ 12,999 ዶላሩ ነው። በመካከላቸው ካለው 12,300 ዶላር ውስጥ ለርቀት የተከፈለ አንድም ሳንቲም የለም።

ታዲያ ብርሃን ለምን እንዲህ ይወደዳል? መስታወት ሲሰፋ ውፍረቱም አብሮ ይጨምራል፤ ቅርጹን ሳይለውጥ ዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆን ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለሌንስ የሚሆን መስታወት ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ በጣም በዝግታ ካልቀዘቀዘ በውስጡ ለዓይን የማይታይ ውጥረት ይቀርና ብርሃኑን ያጣምማል፤ ትልቅ በሆነ ቁጥር ማቀዝቀዣው ጊዜ ይረዝማል። ከዚህ የባሰው የቀለም ጣጣ ነው። ተራ መስታወት ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን እኩል አያጥፍም፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። በአጭር ሌንስ ላይ ይህ እምብዛም አይታወቅም። በ600 ሚሊ ሜትር ላይ ግን የዋልያው ቀንድ ሰማዩን የሚነካበት ጠርዝ ሐምራዊና አረንጓዴ ጥለት ያወጣል። መድኃኒቱ ፍሎራይት የሚባለው ማዕድን ነው፤ ቀለማትን የሚበትነው እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ለሌንስ በሚበቃ ስፋትና ንጽሕና ከመሬት አይገኝም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1968 የፍሎራይትን ክሪስታል በፋብሪካ ማሳደግ ቻለ፤ በዓመቱ ባለ 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 የፍሎራይት ሌንስ ለገበያ አቀረበ። ክሪስታሉ በምድጃ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው፤ ከመስታወት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ሲሞረድ በቀላሉ ይጫራል፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለጠጣል። ካኖን ትልልቅ ሌንሶቹን ነጭ የሚቀባው ፀሐይ ላይ ሲውሉ እንዳይሞቁ ነው። በዚህ ላይ ከባዱን መስታወት በቅጽበት የሚያንቀሳቅሱ ሞተሮች፣ የእጅን ንቅናቄ የሚያካክስ ማረጋጊያ፣ ዝናብና አቧራ የማያስገባ ማሸጊያ አለ። ገዢዎቹ ደግሞ የስፖርት ፎቶ አንሺዎች፣ የዜና ወኪሎችና ጥቂት የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ናቸው። የምርምሩና የፋብሪካው ወጪ ለሚሊዮኖች ሳይሆን ለእነዚህ ጥቂቶች ይከፋፈላል።

ዋጋው ባይቀንስም ክብደቱ መቀነሱ ለስሜን ትልቅ ነገር ነው። ካኖን በ1999 ያወጣው፣ ማረጋጊያ ያለው የመጀመሪያው 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 5,360 ግራም ይመዝን ነበር። በ2018 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ 3,050 ግራም ነው። መሐንዲሶቹ ከፊት የነበሩትን ከባድ መስታወቶች ወደ ኋላ ገፍተው፣ ብርሃኑ ጠቦ በሚያልፍበት ቦታ አነስ ባሉ መስታወቶች ተኳቸው፤ ሌንሱም አፍጢሙ መደፋቱ ቀረ። ከግጭ ሜዳ ተነስቶ 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው እሜት ጎጎ የሚወጣ ሰው የሁለት ኪሎውን ልዩነት በትንፋሹ ያውቀዋል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በቅሎ ቢኖርም ጭነት ይንገጫገጫልና እንዲህ ያለ ዕቃ በጀርባ ቢታዘል ይመረጣል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ በውድ የተገዛ ብርሃን ስሜን ላይ ለስንት ደቂቃ ይጠቅማል የሚለው ነው። ተራራው ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ብቻ ይርቃል። ፀሐይ በዚህ አገር ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ከአድማስ በተነሳች በአንድ ሰዓት ውስጥ 14 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በስካንዲኔቪያ አገሮች በብርዱ ወራት ፀሐይ ሙሉ ቀን አድማሱን ታክካ ስለምትሄድ ለስላሳው ብርሃን ለሰዓታት ይቆያል፤ ትልቁ ሌንስም ለሰዓታት ሥራ አለው። እዚህ ለስላሳው ብርሃን መጣ ሲሉት ይሄዳል። ጎሕ ሲቀድ በኤፍ 4 በአንድ አምስት መቶኛ ሴኮንድና በ3,200 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) የሚነሳ ምስል በኤፍ 6.3 ወይ ሸተሩን ወደ አንድ ሁለት መቶኛ ማዘግየት፣ ወይ አይኤስኦውን ወደ 8,000 ማድረስ ይጠይቃል። የመጀመሪያው የሚንቀሳቀስን እንስሳ ያደበዝዛል፤ ሁለተኛው ምስሉን ያሻክራል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲያልፍ የደጋው ፀሐይ ዓይን ታጭበረብራለች፤ ባለ ኤፍ 4ቱ ፎቶ አንሺ ራሱ እንስሳው ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ጥርት ብሎ እንዲወጣ መግቢያውን ወደ ኤፍ 8 ያጠበዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የያዘው ሌንስ በ13 ሺህ ዶላር የተገዛ ባለ ኤፍ 8 ሌንስ ነው።

ሌላው የሚጠበቅበት ነገር ማዶ ያለውን ወዲህ ማምጣት ነው። ስሜን ላይ ገደሉ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ስለሚወርድ ዓይን የሚያርፈው ሁልጊዜ ሩቅ ላይ ነው፤ ረጅም ሌንስ የግድ ይመስላል። በቁጥር እንየው። 300 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ በ600 ሚሊ ሜትር ሲታይ ፍሬሙ 18 ሜትር ይሰፋል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ይህን ስፋት በ6,000 ፒክስል ሲከፋፍለው አንዱ ፒክስል 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 1.3 ሜትር የሚረዝም ዋልያ 430 ፒክስል ገደማ ብቻ ይሆናል። በስልክ ለማየት ይበቃል፣ ለመጽሔት ገጽ ግን አይሆንም። ይህም አየሩ ከፈቀደ ነው። ረፋዱ ላይ ከገደሉ ሥር ያለው ቆላ ይሞቅና ሞቃቱ አየር ግድግዳውን ታክኮ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላዩ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲደባለቅ በመካከል የሚያልፈውን ብርሃን ያንቀጠቅጠዋል። ውጤቱ ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስል ዋልያ ነው። ይህን የሚያድን ፍሎራይትም ሞተርም የለም፤ እንዲያውም ጥራት ያለው ሌንስ የአየሩን ንቅጥቅጥ አጥርቶ ያሳያል። በስሜን ርቀትን የሚያሸንፈው ወደ እንስሳው መቅረብ፣ ማለዳ መነሳት፣ ከዝናቡ በኋላ አየሩ በሚጠራባቸው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መምጣት ነው።

መቅረብ ደግሞ ይቻላል። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ ወገብ ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች አድረው ፀሐይ ሜዳውን ስትነካ እናቶች ልጆቻቸውን በሆዳቸው አንግበው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ። ከዚያ መንጋው፣ አንዳንዴ በመቶዎች የሚቆጠር፣ ሜዳው ላይ ተበትኖ ሣር መልቀም ይጀምራል፤ ሳንቃበር አካባቢ ሰው ዝም ብሎ ከተቀመጠ በዙሪያው እየበሉ ያልፋሉ። ከ15 ሜትር ላይ በ400 ሚሊ ሜትር ሲታዩ ፍሬሙ 1.35 ሜትር ነው የሚሰፋው። የጭላዳዋ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሣሩን ከሥሩ ቀንጥሰው ወደ መዳፏ ሲሸጉጡት፣ መዳፏ ሲሞላ ወደ አፏ ስትወስደው፣ ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር አፈር ሳይቀር ይታያል። ወንዱ ቀና ሲል ነፋሱ ጎፈሩን ወደ ጎን ያበነዋል፤ ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳም ወለል ብሎ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለሆነ ኤፍ 4 የግድ አይልም። ለንደን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ በሚያካሂደው የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉ ወጣቶች ምድብ ያሸነፈው የጣሊያናዊው ሪካርዶ ማርኬጃኒ ሥራ ከዚሁ ተራራ የተገኘ ነው፤ ልጇን በሆዷ ያንጠለጠለች ጭላዳ ጎሕ ሲቀድ ገደሉን ወጥታ ብቅ ስትል። ሪካርዶ ፀጉሯን ለማድመቅ የተጠቀመው መጠነኛ ፍላሽ ነበር። ፍላሽ ሩቅ አይደርስም። ሽልማቱን ያስገኘው ምስል የተገኘው ጭላዳዋ ሪካርዶ ከተቀመጠበት አጠገብ በመውጣቷ ነው።

ይህ ቅርበት ከሰማይ አልወረደም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ከስሜን የወሰዳቸውን እንስሳት መሠረት አድርጎ ዋልያንና ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቅ በእጁ የነበረው የተገደለ እንስሳ ቆዳና አጥንት ነበር፤ ስብስቡ ወደ ፍራንክፈርት ሄዷል። በ1960ዎቹ የዋልያው ቁጥር ከ200 የማይበልጥ ሆኖ ተገምቷል፤ ጠመንጃም እርሻም አሳዶት ገደል ውስጥ ከቶት ነበር። በጥይት የሚታደን እንስሳ ሰውን ከጥይት ርቀት ውስጥ አያስገባም፤ በዚያ ዘመን የዛሬው ውድ ሌንስ ቢኖር እንኳ የሚያነሳው ነጥብ ነበር። ክላይቭ ኒኮል ከ1967 እስከ 1969 በመጀመሪያው ዋርደንነት ሠርቷል፤ ፓርኩ በ1969 በሕግ ጸና፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ተመራማሪው ሮቢን ደንበር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳንቃበር ላይ ከጭላዳ መንጋ ጋር እየዋለ አጠና። ከ2006 ጀምሮ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው ቦታ ጭላዳዎቹን እያንዳንዳቸውን በመልካቸው ለይተው ይከታተላሉ። ሰው ሳይተኩስ፣ ሳይወረውር፣ ሳያባርር አጠገባቸው ሲውል ብዙ ትውልድ አልፏል። በአንጻሩ ከፓርኩ ወሰን ውጪ፣ ደባርቅ ዙሪያ ባሉ የገብስ ማሳዎች ጭላዳ አዝመራ አጥፊ ነውና በድንጋይና በወንጭፍ ይባረራል፤ እዚያ ሰው ሲያይ ይሸሻል። እንስሳው ያው ነው፣ ሌንሱም ያው ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ሰው ያደረገለትና ያደረገበት ነው።

ሂሳቡ እዚህ ላይ ይከብዳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ እርሻ፣ ልቅ ግጦሽና ሰፈራ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ውስጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ መዝገብ የወጣው የግጭ ነዋሪዎች በዋዜማው፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ መንደራቸውን ለቀው ደባርቅ ከተማ ከሰፈሩ በኋላ ነው። ዛሬ ግጭ ሜዳ ላይ ጓሳው አንሰራርቶ፣ ጅብራው ቆሞ የሚያምር ምስል የሚያነሳ ሰው የአንድ ሙሉ መንደርን ገብስ፣ ከብትና የአያት ቅድመ አያት ርስት ከፍሬሙ ውጪ እያደረገ ነው። ይህን የምለው የተነሱት ሰዎች ባይነሱ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም፤ ሣሩና ዋልያው መተንፈሻ ያስፈልጋቸው ነበር። ግን የስሜን ፎቶ ውድ የሆነው በፍሎራይት ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በአነስተኛ ደመወዝ ብርድ ላይ የሚያድረው ስካውትም፣ ገብሱ የተበላበት ገበሬም፣ ከግጭ የተነሳው አባወራም የከፈሉት አለ።

ውሃ የሚያነሳ መከራከሪያ የሚመጣው ከቀይ ቀበሮ ነው። በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ባሌ ናቸው፣ ስሜን ላይ ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ስሜን ላይ ቀበሮ የሚታየው ባልታሰበ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ማለዳ ወይም ወደ ማምሻው፣ በጓሳው መካከል ሹልክ ብሎ ሲያልፍ ነው። አያስጠጋም፤ ማስጠጋትም የለበትም። ደብዛዛ ብርሃን፣ ርቀትና ፍጥነት ባንድ ላይ ሲመጡ ባለ ኤፍ 4ቱ ሌንስ የሚያመጣውን ሌላው አያመጣም። ቀበሮን በሙያ ለሚከታተል ሰው ዋጋው ይገባዋል። ከዚህ ተነስቶ ግን ለስሜን ሁሉ ያስፈልጋል ማለት አይቻልም። አጥንት ከከፍታ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላውን ጢማሙን ጥንብ አንሳ እንውሰድ፤ ገደሉን ታክኮ በቆመው ሰው ዓይን ትክክል ሲንሳፈፍ በጠራራ ፀሐይ ነው። እሱን በእጅ ይዞ ለመከተል ከሦስት ኪሎው ይልቅ ኒኮን በ2023 ያወጣው፣ 1,470 ግራም የሚመዝነው 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 6.3 ይሻላል። የዚህ ሌንስ ዋጋ ሲወጣ 4,799 ዶላር ነበር፤ ብርሃንን በደቃቅ ክብ መስመሮች የሚያጥፍ መስታወት ስላለው ነው እንዲህ የቀለለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሕሊና ነው። ረጅም ሌንስ ሰውን ከእንስሳው ያርቃል፤ ቅርበትን ማወደስ ጭላዳውን መረበሽ አይሆንም ወይ ይባላል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰውን የሚያርቀው የትኩረት ርዝመቱ ነው፤ ያ ደግሞ በ699 ዶላሩም አለ። ድሃው ፎቶ አንሺ ከሀብታሙ ይልቅ እንዲጠጋ የሚያስገድደው ነገር የለም። ደግሞም ጭላዳ መከፋቱን ይናገራል፤ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይን ቆቡን ካሳየ ማስፈራራቱ ነው፣ ወደ ኋላ ማለት ይገባል። ይህን ምልክት አስጎብኚዎቹና ስካውቶቹ ከማንም ቀድመው ያያሉ።

ሦስተኛው የጥራት ጥያቄ ነው። ኤፍ 4 ዳራውን አለስልሶ እንስሳውን ነጥሎ ያወጣዋል፤ አዘጋጆችና የውድድር ዳኞች ይህን ይወዳሉ ይባላል። ያምራል፣ አልክድም። ሆኖም የስሜን ዋልያ ዳራው ከጠፋ በኋላ ምን ይቀረዋል? አጥር ውስጥ ያለ ፍየል ከመምሰል የሚያድነው ከኋላው እየተደራረበ የሚሄደው ገደል ነው። በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ ቦታ የማይኖርን እንስሳ የት እንዳለ በማይታወቅ አረንጓዴ ጭጋግ ላይ ማቆም ለእኔ ብክነት ነው። የሸካራነቱ ነገርም እንደ ድሮው አይደለም፤ የዛሬ ሴንሰሮች በከፍተኛ አይኤስኦ የሚሰጡት ምስል ከድሮዎቹ የተሻለ ነው፣ የቀረውን ሶፍትዌር ያጸዳዋል። ሶኒ በ2019 በ1,999 ዶላር ያወጣው ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ዙም፣ ኒኮን በ2023 በ1,699 ዶላር ያወጣው ከ180 እስከ 600 ዙም ለመጽሔት ሙሉ ገጽ የሚበቃ ጥራት አላቸው።

እነዚህ ዙሞች በብር ሲሰሉ አሁንም ከ200 ሺህ ይበልጣሉ፤ ርካሽ ናቸው ማለት አልችልም። ግን ለአንድ ሰው የሚከብደው ለተቋም አይከብድም። ከጎንደር ተነስቶ የወገራን ሜዳ አቋርጦ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ ከኮቪድ ወዲህ ቱሪስት ርቆታል፤ በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የአስጎብኚውን፣ የበቅሎ ነጂውንና የወጥ ቤት ሠራተኛውን ገቢ አድርቆታል። የውጭው ፎቶ አንሺ ሳይመጣ በቀረባቸው በእነዚህ ዓመታት ስካውቱ ተራራው ላይ ነበር። ያየውን የሚያስቀርበት መሣሪያ ግን አልነበረውም። የአንድ ባለ ኤፍ 4 ሌንስ ዋጋ ስድስት የሶኒ ዙሞችን ይገዛል፤ የኒኮኑን ከሆነ ሰባት። ሁለቱ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለቱ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀሪዎቹ በአስጎብኚዎቹ ማኅበር እጅ ሆነው እየተፈረመባቸው ቢወጡ ስሜንን ዓመቱን ሙሉ የሚያነሱ ዓይኖች ይኖራሉ።

ዕቃው ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ የሚያበጀው አይገኝም የሚል ይኖራል። አንድ ሌንስ ቢሰበር ከስድስት አንዱ ነው፤ ባለ 13 ሺህ ዶላሩ ከተሰበረ ሁሉም አለቀ። የሚያስገኘው ጥቅም ደግሞ ከውብ ምስል በላይ ነው። የዋልያ ቁጥር በግጭቱ ዓመታት ዳግም ማሽቆልቆሉ በተዘገበበት ጊዜ ቀንና ቦታ የተመዘገበበት ፎቶ ማስረጃ ነው። የዋልያ ወንድ ቀንድ በየዓመቱ ቀለበት ያወጣል። 60 ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶ የቆመ ዋልያ በ600 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ፍሬሙ 3.6 ሜትር ይሰፋል፤ በባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱ ፒክስል 0.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ጥራት የቀንዱ ቀለበት ይቆጠራል፣ ዕድሜው ይገመታል፣ ጫፉ የተሰበረው ካልተሰበረው ይለያል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ዋልያ ተመልሶ መምጣቱና አለመምጣቱ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ኤፍ 6.3 ይበቃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፀሐይ ላይ ደግሞ ኤፍ 11ም ይበቃል።